«ሴፍቲ» እና «ሴኩሪቲ»፦ ሁለቱም «ደህንነት» ከተባሉ ልዩነታቸውን በአማርኛ እንዴት እንጻፈው?

ክር እና መርፌ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ትልቅ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ትርጉም ሥራዬ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ትችላለች ስለተባልኩ ብቻ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። አሁን የያዝኩት ለአዲስ ሠራተኞች የሚሰጥ መመሪያ ነው። አንዱ ምዕራፍ «ሴፍቲ» ይላል፤ ስለ መርፌ መከለያ፣ ስለ ካውያ ቃጠሎ፣ ስለ እሳት ማጥፊያ ይዘረዝራል። የሚቀጥለው «ሴኩሪቲ» ይላል፤ በር ላይ ስለሚደረግ ፍተሻ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ እንግዳ ምዝገባ፣ ስለሚጠፋ ጨርቅ ነው። ከእኔ በፊት መመሪያውን የተረጎመው ሰው ሁለቱንም «የደህንነት መመሪያ» ብሎ አልፏቸዋል። አዲሷ ሠራተኛ ማውጫውን ስትከፍት ምዕራፍ አራት የደህንነት መመሪያ፣ ምዕራፍ አምስት የደህንነት መመሪያ ይላታል።

ይህስ ቢሆን ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ነው። «ሴፍቲ ኦፊሰር» የሚባል ባለሙያ አለን። ትሑት ሰው ነው፤ ማሽኖቹ መከለያ እንዳላቸው ያያል፣ መተላለፊያው በካርቶን እንዳይዘጋ ይቆጣጠራል፣ የተጎዳ ሰው ሲኖር ይመዘግባል። ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ግን «የደህንነት ኃላፊ» ይላል። ሰፊዎቹ ሲያዩት ወሬ ያቆማሉ። «እሱ እኮ ደህንነት ነው» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአገራችን «ደህንነት ነው» ሲባል ምን እንደሚታሰብ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መርፌ ጣቷን የወጋት ልጅ ለእሱ ከመናገር ይልቅ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላው ስፌቷን ትቀጥላለች።

እንግሊዞቹ ራሳቸው ሁለቱን ቃላት በምን ይለያሉ? መዝገበ ቃላት ብከፍት አንዱን በሌላው ይፈታዋል። በአማርኛስ ምን ብዬ ብጽፍ ይሻላል?

ፎርማን

እህቴ፣ ይህ ምን ያስጨንቃል? እኛ ግንባታ ላይ «ሴፍቲ» ብለን ከጨረስነው ቆይቷል። ሴፍቲ ጫማ፣ ሴፍቲ ቀበቶ። ኮንክሪት የሚያቦካውም፣ ብረት የሚያስረውም ያውቀዋል። ገጠር ብትሄጂም ልማታዊ ሴፍቲኔት በገባባቸው ወረዳዎች ቃሉ የእርሻ ቃል ሆኗል፤ እናቶች «ሴፍቲኔት ገባሁ» ነው የሚሉት። በር ላይ ያለውን ደግሞ ጥበቃ በዪው። አለቀ።

ጥቁር ሰሌዳ

ፎርማን ያለው ለሥራ ቦታ ይበቃ ይሆናል። ጠያቂዋ ግን ልዩነቱን ጠይቃለች፤ እሱን ሳልነካ ማለፍ አልወድም። እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬአለሁ፣ ይህችን ጥያቄ ለተማሪዎቼ የማስረዳቸው በሁለት ውሾች ነው። «ሴፍ ዶግ» ከተባለ የማይነክስ ውሻ ነው፤ ሕፃን ጅራቱን ቢጎትተው ዝም የሚል። «ሴኩሪቲ ዶግ» ከተባለ እንዲነክስ የሠለጠነ ነው። ሁለቱንም «የደህንነት ውሻ» ብሎ የተረጎመ ሰው ልጁን ወደየትኛው እንደሚልክ ይወቅበት።

መሰላልም አለ። «ይህ መሰላል ሴፍ ነው?» ያለ ሰው፣ ብወጣበት እጎዳለሁ ወይ እያለ ነው። «ይህ መሰላል ሴኪዩር ነው?» ያለ ደግሞ ታስሯል ወይ፣ ይንሸራተታል ወይ ነው የሚለው። ጥያቄዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ግን በደንብ የታሰረ መሰላል መረገጫው የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። «ሴፍ» የሚነሣው ጉዳት ካለመኖሩ ነው፤ «ሴኪዩር» ደግሞ ከመጥበቅ፣ ከመታሰር፣ ከመዘጋት። ስለዚህ የሚጠጣ ውኃ «ሴፍ» ይባላል እንጂ «ሴኪዩር» አይባልም። በጥንቃቄ የሚነዳ ሾፌርም እንዲሁ። ሥራን ደግሞ ሁለቱም ይገልጹታል፤ «ሴፍ» የሆነ ሥራ አካል የማያጎድል ሥራ ነው፣ «ሴኪዩር» የሆነ ሥራ ነገ የማትባረሪበት ሥራ ነው። ማዕድን ቆፋሪ ሁለተኛው ኖሮት የመጀመሪያው ላይኖረው ይችላል።

የመጡበትን ካየን ደግሞ ነገሩ ለእኛ ይበልጥ ይጣፍጣል። «ሴፍ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው ከላቲኑ «ሳልቩስ» ነው፤ ጤነኛ፣ ያልተጎዳ፣ የዳነ ማለት ነው። የነፍስ መዳን የሚባለው «ሳልቬሽን» ከዚያው ነው። የእኛም ቃል በዚያው መንገድ ሄዷል፤ ታማሚው ዳነ፣ ነፍሱ ዳነች፣ መድኃኒት፣ መድኃኔ ዓለም፣ ደህና፣ ደህንነት። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት «መድን» ሳይቀር ከዚህ ግንድ የተቆረጠ ነው። (በነገራችን ላይ በብዙኃኑ ኀ የተጻፈው «ድኅነት» መዳን ነው፤ በሃሌታው «ድህነት» ደግሞ ማጣት። ፊደል ሁሉ አንድ ነው የሚሉ ወዳጆቼ ይህችን ሲያዩ ዝም ይላሉ።) «ሴኪዩር» ግን ከላቲኑ «ሴኩሩስ» ነው፤ «ሴ» ያለ፣ «ኩራ» ሐሳብ ወይም ጭንቀት፤ ማለትም «ያለ ሐሳብ»። «ሹር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚህ የወጣ ነው። አንዱ ቃል ስለ ሰውነት፣ ሌላው ስለ ልብ ነበር የሚናገረው። በድሮው እንግሊዝኛ «ሴኪዩር» የተባለ ሰው ተዘናግቶ የተቀመጠ፣ ጠላት የማይመጣ የመሰለው ሰውም ሊሆን ይችል ነበር።

አማርኛ ደግሞ «ሴኩሪቲ»ን በአንድ ቃል ተርጉሞ አያውቅም። በተባበሩት መንግሥታት ሲሆን የጸጥታው ምክር ቤት፣ በጡረታ ሲሆን ማኅበራዊ ዋስትና፣ በእህል ሲሆን የምግብ ዋስትና፣ በኮምፒውተር ሲሆን የመረብ ደህንነት፣ በካፒታል ገበያ ሲሆን ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ይሆናል። «ፉድ ሴፍቲ» የምግብ ደህንነት፣ «ፉድ ሴኩሪቲ» የምግብ ዋስትና መባላቸው ከሁሉ የተሳካው ይመስለኛል። የመጀመሪያው ምግቡ አያሳምምም፣ ሁለተኛው ምግቡ አይጠፋም ነው። ፎርማን ያነሣው ሴፍቲኔት እንኳን የሚገኘው በምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሥር ነው፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ቤት ውስጥ ሥራ ተከፋፍለው ይኖራሉ። ስለዚህ እህቴ፣ ለ«ሴኩሪቲ» በሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ ቃል አትፈልጊ። ምዕራፉ የሚያወራው ስለ ፍተሻና ስለ መታወቂያ ከሆነ «ጥበቃ» ይበቃዋል።

ጡረተኛው መካኒክ

መምህር ጥቁር ሰሌዳ ቃላቱን ከነሥራቸው ነቅለው አሳይተውሻል፤ ይባረኩ። እኔ የማውቃቸው በሌላ በኩል ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው፤ እዚያ ሁለቱ ቃላት ሁለት ቢሮ፣ ሁለት አለቃ፣ ሁለት ዓይነት ቅጽ ናቸው። የሴፍቲ ሰዎች ከእኛ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። የሴኩሪቲ ሰዎች መታወቂያችንን ያያሉ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአገሮች የሚያወጣቸው አባሪዎች አሉ። 17ኛው የሴኩሪቲ ነው፤ ጠለፋ በበዛበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የጸደቀ። 19ኛው የሴፍቲ አያያዝ ነው፤ በ2013 የጸደቀ። 17ኛው ስለ «ሕገወጥ ጣልቃ ገብነት» ነው፤ ጠላፊ፣ ፈንጂ፣ ሰርጎ ገብ። 19ኛው ማንም ክፉ ሳያስብ ስለሚመጣ ነገር ነው፤ ያልጠበቀ ብሎን፣ የደከመ አብራሪ፣ የተሳሳተ ንድፍ። ደግሞም ሴፍቲን «ምንም አደጋ የሌለበት» ብሎ አይፈታውም። ሥጋቱ ተቀባይነት ወዳለው ደረጃ ዝቅ ብሎ በቁጥጥር ሥር ያለበት ሁኔታ ነው የሚለው። እኛ «ደህና ነው» ስንል ምንም የለበትም ማለታችን ነው፤ መሐንዲስ ግን በዚህ ቃል አይፈርምም።

በአገራችን አየር መንገድ የደረሱትን ሁለት ሐዘኖች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ወደ ናይሮቢ የተነሣው በረራ 302 ከደቂቃዎች በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት፣ ክንፉ አየሩን የሚቀበልበትን ማዕዘን የሚለካ አንድ መሣሪያ በሰጠው የተሳሳተ ንባብ ተነሥቶ ነበር። ማንም ሰው ሊገድል አላሰበም። ይህ የሴፍቲ ጉድለት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው በረራ 961 ደግሞ ሴኩሪቲ ነው፤ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ውሰደን ብለው፣ አብራሪው ነዳጅ አይበቃም ሲላቸው አላምን ብለው፣ በመጨረሻ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ግን በዚያች ሰዓት ሁለቱ ቃላት ተገናኝተዋል። ከሞቱት መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ መውጫ ነሣቸው። ጠላፊው የሴኩሪቲ ነው፣ «ከመውጣትህ በፊት አትንፋ» የሚለው መመሪያ የሴፍቲ ነው። አስተናጋጆቹ በየበረራው የሚያሳዩትን ትርኢት ሳትሰሙ ስልካችሁን የምትነካኩ ሁሉ ይህን አስቡ።

እስካሁን ያልኩት «አስቦ ያደረሰው ነው ወይስ ሳይታሰብ የደረሰ?» የሚለውን መለያ ነው፤ ይህን ከብዙ ሰው ትሰሚዋለሽ። እኔ ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚጣሉ መሆናቸውን ነው። አንድ ቃል ብቻ ያለው ሰው ጠቡን አያየውም።

በር ውሰጂ። ሴፍቲ በር እንዲከፈት ይፈልጋል፣ ሴኩሪቲ እንዲዘጋ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይት እንዳይበሳው፣ ከውጭም እንዳይከፈት ተደርጎ ተሠራ። ጠላፊ ከውጭ ይመጣል ተብሎ ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 የእኛው በረራ 702 ወደ ሮም ሲሄድ ካፒቴኑ ወደ መጸዳጃ ቤት ወጣ፤ ረዳት አብራሪው በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ጄኔቫ ወሰደው። አንድም ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። (የስዊዘርላንድ አየር ኃይል የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ስለነበር ያጀቡት የጎረቤት አገር ተዋጊ ጄቶች መሆናቸውን ስሰማ ሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ የምናማርረው እኛ ብቻ አለመሆናችን ታወቀኝ።) ከዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2015 ጀርመንዊንግስ የተባለው አየር መንገድ ረዳት አብራሪ በዚያው ዓይነት በር ካፒቴኑን ውጭ አስቀርቶ አውሮፕላኑን ከፈረንሳይ ተራራ ጋር አላተመው፤ 150 ሰዎች ናቸው የሞቱት። ካፒቴኑ በሩን እየደበደበ ነበር። በሩ የተሠራለትን ሥራ በትክክል ሠርቷል።

ወደ አንቺ ሙያ ልምጣ፣ ልጄ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ከሕንፃው ላይኛ ፎቆች ላይ ነበር። ከዘጠነኛው ፎቅ መውጫዎች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ጨርቅ ይሰርቃሉ ተብሎ ቦርሳቸው ተፈትሾ በአንድ በር ብቻ እንዲወጡ ስለሚደረግ። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሥራቸውም ያው የአንቺ ሰፊዎች ሥራ ነበር። ባለቤቶቹ ተከስሰው ነፃ ወጡ። እንግዲህ መመሪያሽን ክፈቺውና ምዕራፍ አራት ስለ አደጋ ጊዜ መውጫ የሚለውን፣ ምዕራፍ አምስት ስለ በር ቁልፍ ከሚለው ጋር አስተያዪው። ሁለቱም «የደህንነት መመሪያ» ከተባሉ ማን ነው ይጋጫሉ ብሎ የሚጠይቅ?

ሌላው ጠብ በዝምታ ላይ ነው። ሴኩሪቲ ምሥጢር ይወዳል፤ ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደሚፈትሽ ካወራ ሥራው ከሸፈ። ሴፍቲ በወሬ ነው የሚኖረው። የአደጋ ምርመራን የሚመለከተው 13ኛው አባሪ፣ የምርመራው ዓላማ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም ይላል። በረራ 302 በወደቀ በወሩ፣ መጋቢት 26 ቀን፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ለዓለም ሁሉ ተነበበ። በጥገና ክፍልም እንዲሁ ነው፤ አንድ ልጅ መፍቻ ሞተር ውስጥ ረስቶ እንደሆነ ሮጦ መጥቶ የሚናገርበትን ልብ ካልሰጠነው፣ መፍቻው ራሱ በሰማይ ላይ ይናገራል።

አሁን የባጁ ነገር ለምን እንዳናደደኝ ይገባሻል። ያ ትሑት ሰው የሚኖረው ሰዎች በሚነግሩት ነው፤ እናንተ ግን የምሥጢር ሰዎችን ስም ደረቱ ላይ ሰቀላችሁለት። ልጅቷ ጣቷን ብትደብቅ ጥፋቷ አይደለም፤ የተጻፈውን አንብባ ነው። ምንም ሳትጠብቂ ነገውኑ ቀይሪለት። «የሥራ ላይ አደጋ መከላከያ ባለሙያ» በዪው። ቢረዝምም ይረዝም።

የቤርሳቤህ ልጅ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ጋሼ መካኒክ ያሉት እዚህ በየቀኑ ይታያል። ዕብራይስጥ «በቲሁት» እና «ቢታሆን» ብሎ ይለያል። የመንገድ ትራፊክ፣ የግንባታ የራስ ቁር፣ የሕፃናት መኪና መቀመጫ «በቲሁት» ናቸው። መከላከያ ሚኒስቴሩ፣ በገበያ በር ላይ ቦርሳ የሚፈተሽበት «ቢታሆን» ነው። የሚገርመው ሁለቱም ከአንድ ሥር መውጣታቸው ነው፤ ሥሩ መታመን፣ መተማመን ማለት ነው። መድንም «ቢቱዋሕ» ተብሎ ከዚያው ሥር ይወጣል፤ መምህር ጥቁር ሰሌዳ መድንን ከደህና ጋር ሲያዛምዱት ያን አስታወሰኝ። እናቴ ዕብራይስጡን በቅጡ ሳትለምድ እንኳን እነዚህን ሁለቱን አታምታታም ነበር። የጽዳት ሥራ ስትቀጠር አንዱ ሥልጠና ላይ ጓንት ሰጧት፣ ሌላው ላይ ስለማይታወቅ ሻንጣ ነገሯት።

የጀርመንኛው «ዚሸርሃይት» ደግሞ እንደ እኛው ሁለቱንም ጠቅልሎ ይዟል፤ ጀርመኖች ፋብሪካቸውን በዚያው ቃል ያስተዳድራሉ። ስለዚህ አማርኛ ጎደለው ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ከሥሩ ሁለተኛ ቃል ማውጣት ይቻል እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ጥቁር ሰሌዳ

ለቤርሳቤህ ልጅ፦ አዲስ ቃል ከሥሩ ማውጣት ይቻላል፤ የሚያስቸግረው ሰው እንዲናገረው ማድረግ ነው። ፈረንሳዮች «ሴኩሪቴ» እና «ሱርቴ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሏቸው፤ በአቪዬሽን «ሴኩሪቴ» የአደጋው፣ «ሱርቴ» የጠላፊው ነው። ወደ ኑክሌር ጣቢያቸው ስትሄዱ ግን «ሱርቴ» የአደጋው ይሆናል። ሁለት ቃል ማግኘት ብቻውን አያድንም።

የእኔን ምክር ደግሞ እኔው ላጥብበው። «ጥበቃ» ብዬ ነበር። ነገር ግን አማርኛ ጤና ጥበቃ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የደን ጥበቃ ይላል፤ እነዚህ ሁሉ ጠመንጃ የያዘ ሰው የለባቸውም። ስለዚህ ምዕራፍ አምስትን «ጥበቃ» ብቻ ከማለት «ጥበቃና ፍተሻ» ማለት ይሻላል።

ክር እና መርፌ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መካኒክ፣ የትራያንግልን ታሪክ ለሥራ አስኪያጃችን አነበብኩለት፤ ወዲያው ተነሥቶ የኋላውን በር ሊያይ ሄደ። ቁልፉ ጥበቃዎቹ ኪስ ውስጥ ነበር። አሁን ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈትና ሲከፈት የሚጮኽ መቆለፊያ እንዲገዛ ጠይቀናል፤ የጥበቃ ኃላፊው ገና አኩርፏል።

ባጁ ላይ ትንሽ ክርክር ተነሥቷል። የሕግ ክፍላችን «የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሙያ ደህንነትና ጤንነት ይላል፤ ከአዋጁ ቃል መውጣት አንችልም» አለን። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደርሰናል፤ ለመንግሥት በሚሄደው ሰነድ ላይ የአዋጁ ቃል ይቀመጣል፣ ባጁ ላይ ግን የጋሼ መካኒክ ይጻፋል። ምዕራፍ አራት «በሥራ ላይ አደጋን መከላከል»፣ ምዕራፍ አምስት «ጥበቃና ፍተሻ» ሆነዋል። ፎርማን አይቀየመኝ፤ ሰፊዎቹ መካከል «ሴፍቲ» ሲባል ጫማውን እንጂ ሌላውን የምታውቅ አላገኘሁም።

አሁን የቀረኝ «ሴኪዩር» የሚለው ግሥ ነው። ጥበቃ ምዕራፍ ውስጥ ሳይሆን አደጋ መከላከያው ውስጥ ነው የሞላው። «ማሽኑን ከማስነሣትሽ በፊት ፀጉርሽንና የላላ ልብስሽን ሴኪዩር አድርጊ» ይላል። ሌላ ቦታ «ጭነቱን ሴኪዩር ሳታደርጉ ጋሪውን አትግፉ»። በመግቢያው ላይ ደግሞ ባለቤቱ ሠራተኞቹ «ሴፍ እና ሴኪዩር» ሆነው እንዲሰማቸው እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። እነዚህን ምን ላድርጋቸው?

ጥቁር ሰሌዳ

የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ ግሥ የሚቀልዱት አለ። «ሕንፃውን ሴኪዩር አድርጉ» ተብለው ሲታዘዙ የባሕር ኃይሉ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ቆልፎ ይሄዳል፤ የምድር ጦሩ ዙሪያውን ዘብ ያቆማል፤ የማሪን ጦሩ ተኩሶ ይገባና ይይዘዋል፤ አየር ኃይሉ ደግሞ የኪራይ ውል ይፈራረማል። አራቱም መዝገበ ቃላቱን ይዘው ነው። ባንክ ቤት ብትሄጂ አምስተኛ ትጨምሪያለሽ፤ ብድርን «ሴኪዩር» ማድረግ ብድር ማግኘትም፣ ለብድሩ መያዣ ማስያዝም ነው።

የባለቤቱን መግቢያ በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላትን ለዜማ ያጣምራል፤ እዚያ ልዩነት አትፈልጊ። ሁለት ቃል ካስፈለገ «ያለ ጉዳትና ያለ ሥጋት» በዪ፤ የመጀመሪያው ለአካል ነው፣ ሁለተኛው ለልብ። የላቲኑም ትርጉም በአጋጣሚ እንደዚያው ነው።

ጡረተኛው መካኒክ

በሩን ስላያችሁ ደስ ብሎኛል። የጥበቃ ኃላፊው ማኩረፉ አያስገርምም፤ እሱም ሥራውን እየሠራ ነው። አስጠርታችሁ አስረዱት እንጂ አታሳፍሩት፤ ነገ የሚጮኸውን መቆለፊያ ሰምቶ የሚሮጠው እሱ ነው።

ለግሡ፣ እኛ ቤት ቀላል ነበር። ሞተር ላይ ያለ ብሎን በንዝረት እንዳይፈታ በጭንቅላቱ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሳልፈን፣ ጠምዝዘን፣ ከጎረቤቱ ብሎን ጋር እናስረዋለን። ሽቦውን አሜሪካኖች «ሴፍቲ ዋየር» ይሉታል፤ ሥራው ግን ሙሉ በሙሉ «ሴኪዩር» ማድረግ ነው። እንግሊዞች ያንኑ ሽቦ የመቆለፊያ ሽቦ ይሉታል። ተለማማጅ ልጆች ስለ ስሙ ሲከራከሩ አለቃችን ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደተጠመዘዘ ብቻ ያይ ነበር፤ ሽቦው ብሎኑን ወደሚጠብቅበት ካልሳበ ያስፈታናል።

ስለዚህ ግሡ ባለበት ሁሉ እጅ ምን እንደሚሠራ ጻፊ። ፀጉር ይታሰራል፣ የላላ እጅጌ ይሰበሰባል፣ ጭነት በገመድ ይጠፈራል፣ በር ይቆለፋል፣ የማሽን መከለያ በብሎን ይጠብቃል። ሻርፕ የሚለብሱትን አትርሺ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ይከተታል በዪ፣ የእንግሊዝኛው መመሪያ ያንን አይጽፈውም።